ባቄላ የማይገባበት ቤት

እናቴ ባቄላ ከደጇ አታደርስም፣
ከገበያ አትገዛም፣ ከጎረቤት አትቀምስም።
«አበባው ሐዘን ነው፤ ነጭ ለብሶ አምሮ፣
ጥቁሯን ነጠብጣብ በሆዱ ቋጥሮ።»
ከዚህ ሌላ ምክንያት ነግራን አታውቅም።

የአሮጊት ወሬ ነው ብዬ ናቅሁ።
እሷ ስታልፍ መሬቱን ወረስሁ፣
ከኦሪስታኖ ወዲህ፣ ከረግረጉ አፋፍ፣
የጨው ነፋስ በሚመላለስበት ጫፍ፣
ማሳውን ሙሉ ባቄላ ዘራሁ።

እሑድ በሚያዝያ እህቴ ቦናሪያ
መጣች፣ ልጇን ይዛ፣ ከካልያሪ ወዲያ።
አምስት ዓመቱ ነው፣ ባኪዚዮ ይባላል፤
ቦዩን ዘሎ ገብቶ እሸቱን ያሸታል።
ሁለት እፍኝ ሙሉ ፈልፍዬ በጥፍሬ
«ብላ ጎበዝ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከፍቅሬ።

በሦስተኛው ሌሊት እህቴ ቀሰቀሰችኝ።
ሽንቱ የወይን ጠጅ መስሏል።
የዓይኑ ነጭ ቢጫ።
መዳፉን በመብራት ዘረጋችልኝ፤ ሰም ነበር።

መኪናዬ አሮጌ፣ መንገዱ ጨለማ፤
ከኋላ ወንበር ላይ ትንፋሹ ሲሰማ፣
ደግሞ ሳይሰማ።

ደም ሰጡት። የማን ደም እንደሆነ አልጠየቅሁም፤
ማንም ይሁን፣ እድሜ ይስጠው።

ሲነጋ ዶክተር ስፓኑ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤
በእኛ በገበሬዎቹ ቋንቋ እንዲህ ስትል ጀመረች፦
«ቀይ የደም ሴል ማለት ፍም ተሸካሚ ነው፣
ኦክስጅን ሲያመላልስ ሁሌ የሚፈጀው።
ሌላው ሰው ጓንት አለው፤ ኢንዛይም ይባላል፤
የዚህ ልጅ ጓንት ስስ ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል።
ባቄላው ፍም ጨመረ። ሴሎቹ ፈነዱ።
ያያችሁት ቀለም እሱ ነው።»
የበሽታው ስም ረጅም ነው፤ በወረቀት ጻፈችው፤
እህቴ አጣጥፋ ከደረቷ ሸጎጠችው።

«ከእኔ ነው?» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።
«ከአንቺ፣ ከእናትሽ፣ ከእናትሽም እናት።
ሴቷ ታቀብላለች፣ ብዙ ጊዜ ወንዱ ላይ ይወጣል።
ይሄ ሜዳ ድሮ ወባ ያጨደው ነበር፤
ስስ ደም አልተመቻትም፣ እየተወችው አለፈች።
እናንተ ከተረፉት ናችሁ። ለዚህ ነው
ዛሬ እዚህ ተቀምጣችሁ የምታለቅሱት።»

ያኔ ፎቶው ትዝ አለኝ፦
ጋንቲኔ፣ የእናቴ ወንድም፣ በሰባት ዓመቱ፣
በአበባ ወራት ነው አሉ መሞቱ።
የሰው ዓይን ነው ተባለ። ቄስ መጣ፣ ጨው ተበተነ።
እናቴ ግን አበባውን አይታ ነበር።

እኔንም መረመሩኝ።
አለብኝ።
ሃያ ዓመት በላሁ፣ ጥሬ፣ ቅቅል፣ ንፍሮ፣
ምንም ሳይነካኝ። ለምን እኔን ትቶ?
ዶክተሯ ትከሻዋን ነቀነቀች፦
«አንዳንዴ ይምራል። ምሕረቱን አትመነው።»

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ሥርዓት አለው፦
የብል መከላከያው ናፍታሊን ከሣጥኑ ወጣ፣
ሱፉን ብል በላው፤ ይብላው።
የማይወስዳቸው ክኒኖች ዝርዝር በፍሪጁ በር፣
አንዱ ግልባጭ በቦርሳው፣ ሌላው ከመምህርቷ ጋር።
ትኩሳት ሲይዘው «ይለፍለታል» አንልም፣
ደግሞም እንደ ብርጭቆ አቅፈን አናኖረውም፤
ይዋኛል፣ ይደባደባል፣ ጥርሱን ሰብሯል በኳስ።

ማሳውን ገለበጥኩ፣ ስንዴ ሆነ።
ገበያ ወጥቼ «ባቄላ አለቀ» ብል
ሳቁብኝ። የሳቁበትን ታውቃላችሁ።

በሦስተኛው ዓመት ከአጥሩ ሥር አንዲት
ማንም ሳይዘራት በቅላ አበበች።
ባኪዚዮ ተንበርክኮ አያት፤
ነጩን፣ ጥቁሯን ነጥብ፣ ሳይነካ፣ እጁን ከኋላው አድርጎ።
«አጎቴ፣ ዓይን አላት» አለ።
ንቀልልኝም አላለኝ። እኔም አልነቀልኩ።

«ራበኝ» አለ ቆይቶ።
ዳቦ ቆረስኩና «ብላ» ልል ስል
ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች።
ሳይቀበለኝ፣ «ምን አለበት?» አለ።
ስንዴ፣ ጨው፣ ውሃ፣ እርሾ።
«በቃ?»
በቃ።